ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ለመገጣጠም፦ ምርጫው ከኤሌክትሪክ መስመሩ ይጀምራል

አዲስ አበባ፦ በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ስሙ ራሱ ከቴክኖሎጂ ጋር የተያያዘ ነው። “ነፋስ ስልክ” በቀደመው አማርኛ ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፈው የሬዲዮ ቴሌግራፍ መጠሪያ ነበር። ዛሬ በዚሁ ክፍለ ከተማ ከለቡ እስከ ጀሞ፣ ከመካኒሳ እስከ ጎፋ፣ ከላፍቶ እስከ ኃይሌ ጋርመንት ኮምፒውተር የማይገባበት ሥራ ጥቂት ነው። የጽሕፈትና የኮፒ ቤቱ፣ የሕንፃ ንድፍ ቢሮው፣ የመድኃኒት መደብሩ፣ የሂሳብ ባለሙያውና ተማሪው ሁሉ ይፈልጉታል።

ፍላጎቱ በመዲናዋ ብቻ የሚወሰን አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች የሥልጠና መርሐ ግብር ይፋ ሆኗል። በወረዳ ከተሞች የሚገኙ የአርሶ አደሮች የኅብረት ሥራ ማኅበራትም የማዳበሪያ፣ የምርጥ ዘርና የአባላት መዝገባቸውን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር እያዛወሩ ነው። ከእነዚህ ገዢዎች ብዙዎቹ ዕቃውን የሚያገኙት ከአዲስ አበባ ገበያ ነው።

ገዢው ወደ ሱቅ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ጥያቄው “ፕሮሰሰሩ ምንድን ነው?” የሚል ነው። ኤሌክትሪክ ሳይቆራረጥ በሚደርስበት አገር ይህ ተገቢ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። መብራት በሚጠፋበትና በሚመጣበት፣ የኃይሉ መጠን ከሰዓት ሰዓት በሚለዋወጥበት፣ አቧራ በሚበዛበትና አየሩ ስስ በሆነበት ደጋ ግን የኮምፒውተሩን ዕድሜ የሚወስኑት ገዢው በመጨረሻ የሚያስባቸው ክፍሎች ናቸው። ይህ ጽሑፍ የክፍሎቹን ምርጫ በዚሁ ቅደም ተከተል ያቀርባል።

መገጣጠም ለምን?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። የኮምፒውተር ክፍሎች በሙሉ ከውጭ የሚገቡ በመሆናቸው የለውጡ ጫና በቀጥታ በገዢው ኪስ ላይ አርፏል። አንድ ክፍል ሲቃጠል የሚተካበት ዋጋ ከቀድሞው በእጅጉ የከበደ ሆኗል ማለት ነው።

በክፍል የሚገጣጠም ዴስክቶፕ ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የላፕቶፕ ዋና ሰሌዳ ሲበላሽ ብዙውን ጊዜ ዕቃው በሙሉ ከጥቅም ውጭ ይሆናል። ዴስክቶፕ ግን ስድስት ወይም ሰባት ተነቃይ ክፍሎች ያሉት በመሆኑ የተበላሸው ብቻ ወጥቶ ሌላ ይገባለታል። ባለቤቱ ዛሬ አቅሙ የፈቀደውን ገዝቶ የቀረውን በሚቀጥለው ዓመት ሊጨምር ይችላል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ክፍሎቹ እርስ በርሳቸው የሚስማሙ ሆነው ሲመረጡ ነው።

መጀመሪያ ሥራውን መለየት

ከማንኛውም ግዢ በፊት ኮምፒውተሩ የሚሠራው ሥራ በግልጽ መታወቅ አለበት። ሥራዎቹ በጥቅሉ በሦስት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ጽሕፈት፣ የሂሳብ ሠንጠረዥ፣ ኢንተርኔት፣ የመስመር ላይ ትምህርትና የቪዲዮ ስብሰባ ነው። የጽሕፈት ቤቶች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የተማሪዎችና የአነስተኛ ንግድ ቤቶች ሥራ እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ለዚህ ሥራ መካከለኛ አቅም ያለው ፕሮሰሰር ከበቂ በላይ ነው፤ ለብቻው የሚገዛ የግራፊክስ ካርድም አያስፈልግም።

ሁለተኛው የፎቶግራፍ ማስተካከል፣ የማስታወቂያና የመጽሐፍ ገጽ ቅንብር እንዲሁም የሁለት አቅጣጫ የሕንፃ ንድፍ ሥራ ነው። እዚህ ላይ ከፕሮሰሰሩ ይልቅ የራም መጠንና የሞኒተር ጥራት ለውጥ ያመጣል።

ሦስተኛው የቪዲዮ ቅንብር፣ የሦስት አቅጣጫ የሕንፃ ምስል ዝግጅትና ከባድ ጨዋታዎች ናቸው። የግራፊክስ ካርድ የግድ የሚሆነው ለእነዚህ ነው። ለመጀመሪያው ዓይነት ሥራ የሦስተኛውን ዓይነት ዕቃ መግዛት ለመከላከያ ሊውል የሚገባውን ገንዘብ ያለ ሥራ ማስቀመጥ ነው።

ፓወር ሰፕላይ፦ የመጀመሪያው በር

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ፓወር ሰፕላይ ይህንን ኃይል ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች በሚስማማ ዝቅተኛ ቮልት የሚያከፋፍል ክፍል ነው። ከግድግዳው የሚመጣ ማንኛውም ችግር በቅድሚያ የሚያርፈው እርሱ ላይ ነው። ጥሩ የሆነው ችግሩን ተቀብሎ ራሱን በማጥፋት ሌሎቹን ያድናል። ርካሹ ግን ሲቃጠል ማዘርቦርዱንና ዲስኩን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

በገዢው ዘንድ የተለመደው መመዘኛ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው የዋት ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም። በፓወር ሰፕላዩ ጎን በተለጠፈው ሠንጠረዥ ላይ ባለ 12 ቮልት መስመር ስንት አምፔር እንደሚሰጥ ማንበብና ቁጥሩን በ12 ማባዛት ይበጃል። ዘመናዊ ኮምፒውተር ኃይሉን የሚወስደው በአብዛኛው ከዚህ መስመር ነው። በእውነት 500 ዋት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ በዚህ መስመር 38 አምፔር አካባቢ ያሳያል፤ በ12 ሲባዛ 456 ዋት ይሆናል። “500 ዋት” ተብሎ ሠንጠረዡ 18 አምፔር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ በመስመሩ የሚገኘው 216 ዋት ብቻ ነው።

ሌላው መለያ “80 ፕላስ” የሚባለው ማረጋገጫ ነው። ትርጉሙ ፓወር ሰፕላዩ በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በሙሉ ጭነት ተፈትኖ ከግድግዳው ከሚወስደው ኃይል ቢያንስ 80 በመቶውን ለኮምፒውተሩ ያደርሳል ማለት ነው። የሚባክነው ኃይል ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ማረጋገጫው ከመብራት ክፍያ በላይ የዕድሜ ጉዳይ ነው። የግራፊክስ ካርድ ለሌለው የቢሮ ኮምፒውተር ከ400 እስከ 500 እውነተኛ ዋት በቂ ነው። መካከለኛ የግራፊክስ ካርድ ላለው ደግሞ ከ550 እስከ 650 ዋት ይመከራል።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። በአንዳንድ አሮጌ ፓወር ሰፕላዮች ጀርባ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ በ115 ላይ ተደርጎ ሊገኝ ይችላል። በዚያው ሁኔታ 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ወዲያውኑ ይቃጠላል። ማብሪያው ወደ 230 መዞሩ ሳይረጋገጥ መሰካት የለበትም። ከ100 እስከ 240 የሚል የተጻፈባቸው አዳዲሶቹ ግን ራሳቸው ያስተካክላሉ።

ዩፒኤስ፣ የመሬት መስመርና መብረቅ

አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3 ሺሕ ዋት በላይ ይወስዳል። የቢሮ ኮምፒውተር ከነሞኒተሩ ብዙ ጊዜ ከ100 ዋት ብዙም አይርቅም። በአንድ ግቢ ወይም በአንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ብዙ ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲጣድ የመስመሩ ቮልት ዝቅ ይላል፤ ሲነሣ ደግሞ ከፍ ይላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም የመጀመሪያው ግፊት ከተለመደው ሊበልጥ ይችላል። ፓወር ሰፕላይ በራሱ መቋረጥን መሸከም የሚችለው ከመቶ ሴኮንድ ሁለት ላልበለጠ ጊዜ ነው። ከዚያ በላይ ከሆነ ኮምፒውተሩ ይጠፋል፤ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፤ ዲስኩ እየጻፈ ከነበረም ፋይል ሊበላሽ ይችላል።

ዩፒኤስ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። “ላይን ኢንተራክቲቭ” የሚባለው ዓይነት የቮልት መውጣትና መውረድን ያለ ባትሪ የሚያስተካክል ክፍል በውስጡ ስላለው ለአገራችን ሁኔታ ይስማማል። በዩፒኤስ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ቮልት አምፔር እንጂ ዋት አለመሆኑ መታወቅ አለበት። 650 ቮልት አምፔር የሚል ዩፒኤስ የሚሸከመው ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። በውስጡ ያለው የተለመደ ባለ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ አዲስ ሳለ 100 ዋት ለሚወስድ ኮምፒውተር 20 ደቂቃ አካባቢ ይሰጣል። ይህ ጊዜ ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት የታሰበ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ለመሥራት አይደለም። ባትሪው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ስለሚያገለግል በየጊዜው መፈተሽ አለበት። ሌዘር ፕሪንተር ወረቀት ሲያሞቅ ድንገተኛ ከፍተኛ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤስ ላይ መሰካት የለበትም።

የመሬት መስመር ወይም ኧርዲንግ የሚባለው ሦስተኛው ሽቦ በብዙ ቤቶች አይዘረጋም፤ ሶኬቱ ሦስተኛ መገናኛ እያለው ከኋላው ሽቦ የሌለበትም አጋጣሚ አለ። የኮምፒውተሩን ብረት ሲነኩ የሚነዝር ስሜት ካለ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይህ ነው። ዕቃ ከመግዛት በፊት ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቶ ሶኬቱን ማስፈተሽ ከብዙ መከላከያ ዕቃ የበለጠ ዋጋ አለው።

በክረምት ነጎድጓድ ሲበረታ ከሁሉ የሚሻለው መከላከያ መንቀል ነው። የኤሌክትሪኩ ሶኬት ብቻ ሳይሆን በመዳብ ሽቦ የሚመጣ የኢንተርኔት መስመርም መነቀል አለበት። መብረቅ በስልክ ሽቦ ገብቶ በሞደሙ በኩል ማዘርቦርድ ሊያቃጥል ይችላል።

ስስ አየርና አቧራ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በአማካይ 2 ሺሕ 355 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ማራገቢያ ሙቀት የሚያወጣው አየር በመግፋት ነው፤ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ሲሳሳ የሚያወጣው ሙቀትም ይቀንሳል። ከፍታዋ 2 ሺሕ 800 ሜትር አካባቢ በሆነው ደብረ ብርሃን ልዩነቱ የበለጠ ነው፤ 1 ሺሕ 800 ሜትር አካባቢ ላይ በምትገኘው ባሕር ዳር ደግሞ ያነሰ ነው። የደጋው ቅዝቃዜ ጉዳቱን በከፊል ያካክሳል። ሆኖም ከፕሮሰሰሩ ጋር በነፃ የሚመጣው ትንሽ ማቀዝቀዣ ለከባድ ሥራ ላይበቃ እንደሚችል ማሰብ ያስፈልጋል።

ከፍታ ሌላም ውጤት አለው። ስስ አየር ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙ ዝቅተኛ ነው። በዚህ ምክንያት በቻይና በሚሠሩ አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮችና ቻርጀሮች ላይ ዕቃው ከ2000 ሜትር በታች ለሆነ ቦታ ብቻ እንደተፈቀደ የሚያመለክት ምልክት ወይም ጽሑፍ ይታያል። ለአዲስ አበባ፣ ለጎንደር፣ ለደሴ ወይም ለደብረ ብርሃን የሚገዛ ሰው ከተቻለ እስከ 5000 ሜትር የተፈቀደውን መምረጡ ይሻላል። ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስኮች በአብዛኛው እስከ 3 ሺሕ ሜትር አካባቢ እንዲሠሩ የተዘጋጁ በመሆናቸው ለእነዚህ ከተሞች ችግር አይሆኑም።

ኬዝ ሲመረጥ ከመብራቱ ጌጥ ይልቅ ከፊት የሚታጠብ የአቧራ ወንፊት ያለውን መምረጥ ተገቢ ነው። አየር የሚያስገቡ ማራገቢያዎች ከሚያስወጡት ከበለጡ አየሩ በወንፊቱ በኩል ብቻ ስለሚገባ አቧራው ይቀንሳል። ኬዙ ወለል ላይ ሳይሆን ከፍ ባለ ነገር ላይ መቀመጥ አለበት። በበጋ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ፣ ከመስመር ተነቅሎ፣ ለስላሳ ብሩሽ ወይም የአየር መንፊያ በመጠቀም ማጽዳት ዕድሜውን ያረዝማል።

ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ፦ አብረው የሚመረጡ ጥንዶች

በገበያ ላይ ያሉት ፕሮሰሰሮች በዋናነት የሁለት ኩባንያዎች፣ የኢንቴልና የኤኤምዲ ናቸው። በገዢዎች ዘንድ የሰፈነው ትልቁ ስሕተት “አይ 7” ሁልጊዜ ከ“አይ 3” ይበልጣል የሚለው እምነት ነው። ከስሙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ትውልዱን ይናገራል። “አይ 7 - 2600” በ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ የሁለተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ነው፤ “አይ 3 - 12100” ደግሞ የ12ኛ ትውልድ ነው። ሁለቱም አራት ኮር ያላቸው ቢሆኑም ሁለተኛው በሥራ ፍጥነት የመጀመሪያውን በእጅጉ ይበልጣል። ስለዚህ “አይ ስንት ነው?” ከማለት በፊት “ስንተኛ ትውልድ ነው?” ብሎ መጠየቅ ይገባል።

ከቁጥሩ መጨረሻ ያለው ፊደልም ትርጉም አለው። በኢንቴል ፕሮሰሰር መጨረሻ ላይ “ኤፍ” የሚለው ፊደል ካለ በውስጡ የግራፊክስ ክፍል የለውም፤ የግራፊክስ ካርድ ካልተገዛለት ሞኒተሩ ምንም አያሳይም። በኤኤምዲ በኩል “ራይዘን 5 - 5600” የግራፊክስ ክፍል የለውም፤ “ራይዘን 5 - 5600 ጂ” ግን አለው። ለቢሮ ሥራ የሚገዛ ሰው ይህችን አንዲት ፊደል ባለማየቱ ለተጨማሪ ካርድ ሊዳረግ ይችላል።

ፕሮሰሰር የሚቀመጥበት የማዘርቦርዱ መቀመጫ ሶኬት ይባላል። ሶኬቱ ካልተስማማ ፕሮሰሰሩ አይገባም። የኢንቴል ከ12ኛ እስከ 14ኛ ትውልድ ያሉት የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች “ኤልጂኤ 1700” በሚባለው ሶኬት ይሠራሉ። የኤኤምዲ የቀደሙት ራይዘኖች “ኤኤም 4”፣ ከ7000 ጀምሮ ያሉት ደግሞ “ኤኤም 5” ይፈልጋሉ። ሶኬቱ ተስማምቶም በፋብሪካ ቀደም ብሎ የተሠራ ማዘርቦርድ ኋላ የወጣን ፕሮሰሰር ላያውቅ ይችላል። ይህ የሚፈታው ባዮስ የሚባለውን የማዘርቦርዱን መነሻ ፕሮግራም በማደስ ስለሆነ፣ ሻጩ አድሶ በፊት ለፊት አስነሥቶ እንዲያሳይ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ራምና ዲስክ

ራም ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ክፍል ነው። ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት 8 ጊጋባይት ዝቅተኛው መጠን ነው፤ ሥራው ጥቂት ከከበደ 16 ጊጋባይት ይመረጣል። “ዲዲአር 4” እና “ዲዲአር 5” የሚባሉት ሁለቱ ዓይነቶች መቀመጫቸው የተለያየ በመሆኑ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። “ኤኤም 5” የሚቀበለው “ዲዲአር 5”ን ብቻ ነው። “ኤልጂኤ 1700” ማዘርቦርዶች ግን አንዳንዶቹ የመጀመሪያውን፣ አንዳንዶቹ ሁለተኛውን ስለሚቀበሉ በሳጥኑ ላይ መነበብ አለበት። አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 መግዛት ፍጥነት ይጨምራል፤ በተለይ የግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ ይታያል። ገንዘብ ካነሰ ግን አራት የራም መቀመጫ ባለው ማዘርቦርድ ላይ በጥቂቱ ጀምሮ ቆይቶ መጨመር ይቻላል።

ለኮምፒውተር ቅልጥፍና በአነስተኛ ወጪ ትልቁን ለውጥ የሚያመጣው ኤስኤስዲ ነው። ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት አካባቢ ሲያነብ፣ “ሳታ” የሚባለው ኤስኤስዲ 550፣ “ኤንቪኤምኢ” የሚባለው ደግሞ ከ3 ሺሕ በላይ ሊያነብ ይችላል። ለቢሮ ሥራ በሳታና በኤንቪኤምኢ መካከል ያለው ልዩነት ብዙም አይሰማም፤ በሃርድ ዲስክና በኤስኤስዲ መካከል ያለው ግን ሌት እና ቀን ነው። 256 ጊጋባይት ለመነሻ ይበቃል። ማስቲካ መሰል ቀጭን የሆነው የኤስኤስዲ ቅርጽ ሁለቱንም ዓይነት ሊሆን ስለሚችል ማዘርቦርዱ የትኛውን እንደሚቀበል መረጋገጥ አለበት።

የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላት መዝገብ ወይም የአንድ ንግድ ቤት ሂሳብ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ርካሽ የሆነ ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ እንደ ሁለተኛ ማስቀመጫ ቢገዛና በየሳምንቱ ቅጂ ተወስዶ ከኮምፒውተሩ ተነጥሎ ቢቀመጥ፣ ኮምፒውተሩ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ መዝገቡ ይተርፋል።

ያገለገለ ዕቃና የዊንዶውስ ጉዳይ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና “ቲፒኤም 2.0” የተባለ የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል። በይፋ የሚቀበላቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያሉት ናቸው። በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ይህንን የማያሟሉ ኮምፒውተሮችን ሲያስወግዱ ወደ ሌሎች ገበያዎች በርካሽ መግባታቸው የሚጠበቅ ነው። ዋጋው አሳስቶ የ4ኛ ወይም የ6ኛ ትውልድ ኮምፒውተር የሚገዛ ሰው የደኅንነት ማሻሻያ የማያገኝ ዕቃ እየገዛ መሆኑን ማወቅ አለበት። የባንክና የሂሳብ ሥራ ለማይሠራበት ተማሪ ግን እንዲህ ያለው ዕቃ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ተጭኖበት በነፃ ሊያገለግል ይችላል።

በአማርኛ ለመጻፍ ልዩ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ከተካተተ ወዲህ፣ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ፊደሉን በራሳቸው ያሳያሉ።

በሱቅ ደጃፍ

ክፍሎቹ ከመከፈላቸው በፊት ቢቻል እዚያው ተገጣጥመው መነሣታቸው መታየት አለበት። በባዮሱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የፕሮሰሰሩ ስምና የራሙ መጠን ይነበባል። ኢንቴል ማዘርቦርድ ላይ የሶኬቱ ጥቃቅን መርፌዎች አለመታጠፋቸው በብርሃን ይታያል። የኤስኤስዲና የፍላሽ መጠን በሐሰት ተጽፎ ሊሸጥ ስለሚችል፣ “ኤች 2 ቴስት ደብሊው” በሚባለው ነፃ ፕሮግራም እስከ ጫፍ ሞልቶ መፈተን ይቻላል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። መብቱን ለማስከበር ማስረጃ ያስፈልጋል። ስለዚህ በደረሰኙ ላይ “ኮምፒውተር 1” ተብሎ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ክፍል ስም፣ ሞዴልና መለያ ቁጥር፣ አዲስ ወይም ያገለገለ መሆኑ እንዲሁም የዋስትናው ጊዜ መጻፍ አለበት።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ፣ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ለሚወስድ ሰው መንገዱ ራሱ ፈተና ነው። ክብደት ያለው የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣና የግራፊክስ ካርድ ተነቅለው በየሳጥናቸው ቢጓዙ ማዘርቦርዱ ከመሰንጠቅ ይድናል። ሞኒተር በራሱ ሳጥን ቆሞ እንጂ ተጋድሞ መጫን የለበትም።

ምን ይቅደም? ምን ይቆይ?

በጀት ሲጠብ ሊዘገይ የሚችለውን ከማይዘገየው መለየት ይረዳል። ተጨማሪ ራም፣ ሁለተኛ ዲስክ፣ የግራፊክስ ካርድና ሰፊ ሞኒተር ኮምፒውተሩ ሥራ ከጀመረና ገቢ ካስገኘ በኋላ ሊጨመሩ ይችላሉ። ፓወር ሰፕላይ፣ ዩፒኤስና ማዘርቦርድ ግን የቤቱ መሠረት ናቸው፤ ኋላ ይቀየራሉ ተብለው በርካሹ ሲጀመሩ በላያቸው የተሠራውን ሁሉ ለአደጋ ያጋልጣሉ። ሞኒተሩን ሳይጨምር ከጠቅላላው ገንዘብ አንድ አምስተኛ ያህሉን ለፓወር ሰፕላይና ለዩፒኤስ መመደብ ለአገራችን ሁኔታ ሚዛናዊ ክፍፍል ነው።

በጀሞ የጽሕፈት ቤት ለመክፈት የቆጠበ ወጣትም ሆነ ለማኅበሩ መዝገብ ኮምፒውተር እንዲገዛ የተላከ የኅብረት ሥራ ጸሐፊ፣ በአቅሙ የ“አይ 3” ፕሮሰሰርን ከጥሩ ፓወር ሰፕላይና ከዩፒኤስ ጋር ቢገዛ፣ “አይ 7”ን በርካሽ ፓወር ሰፕላይ ከገዛው ይልቅ ረጅም ዓመት ይሠራበታል። ፍጥነት ቆይቶ ሊጨመር ይችላል፤ የተቃጠለ ማዘርቦርድና የጠፋ መዝገብ ግን ዳግመኛ የሚከፈል ዋጋ አላቸው።